ሰርጅ ኤክስቲ፦ አናሎግ ጠባይ ያለው ድምፅ ከባዶ መሥራትና በትዝታ መቃኘት

ሰርጅ በኮምፒውተር ሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈት ነጻ ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ፕለጊን) ነው፤ ኤክስቲ ደግሞ ከ1.9 በኋላ የመጣው አዲሱ ሰርጅ ነው። ሰርጅ 1.9ን የለመደ ሰው ኤክስቲን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የመስኮቱ መልክ መለወጥ ላይ ነው። መልኩን ለጊዜው ተዉት። ሥራ የሚያቀልሉት ለውጦች ሌላ ቦታ ናቸው፦ ሞጁሌሽንን (አንድን ቅንብር በሌላ ምንጭ ማንቀሳቀስን) በማውዝ ጎትቶ ማገናኘት፣ የሠሩትን ወደኋላ መመለስ፣ ከ8 ወደ 16 ያደገው የኢፌክት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቅኝት መስኮቱ። ይህ መመሪያ አንድ ድምፅ፣ ለቤዝም ለሊድም የሚሆን ወፍራም የሞኖ ድምፅ፣ ከባዶ ተነስቶ እስከ ትዝታ ቅኝት ድረስ ይሠራል። እያንዳንዱ አዲስ ነገር የሚነሳው ሥራው ሲጠይቀው ነው።

መጫንና ከድሮው ጋር ያለው ግንኙነት

ሰርጅን የጀመረው ክላስ ዮሃንሰን ነው። በ2018 ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ካደረገው ወዲህ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ያሳድጉታል። ኤክስቲ 1.0 የወጣው በ2022 መጀመሪያ ነው (ሁለቱም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር)። ፈቃዱ ጂፒኤል 3 ስለሆነ ክፍያም፣ ሲሪያል ቁጥርም፣ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ ክራክ መፈለግም የለም።

1. ከፕሮጀክቱ ይፋዊ ድረ ገጽ ለዊንዶውስ፣ ለማክ ወይም ለሊኑክስ የሚሆነውን ኢንስቶለር አውርዱና ጫኑ።
2. ሙዚቃ ፕሮግራሞች ፕለጊኑን የሚያነቡባቸው ቅርጸቶች፣ ቪኤስቲ3 እና ክላፕ፣ አብረው ይጫናሉ፤ ማክ ላይ ኤዩ ይጨመራል። ያለ ሙዚቃ ፕሮግራም ለብቻው የሚከፈት ቅጂም አለ። ቪኤስቲ2 ግን የለም።
3. ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ከ«ኦፕሽንስ» ወደ «ማኔጅ ፕለጊንስ» ገብታችሁ «ፋይንድ ኢንስቶልድ ፕለጊንስ» የሚለውን ተጫኑ። አብለተን ላይቭ ቪኤስቲ3ን ማንበብ የጀመረው ከ10.1 ስለሆነ ከዚያ በታች ያለ ቅጂ አያየውም። 10.1 እና ከዚያ በላይ ላይም በፕሪፈረንስ ውስጥ የቪኤስቲ3 አቃፊውን ማብራት አትርሱ።

ኤክስቲ የድሮውን ሰርጅ አይተካውም፤ ጎን ለጎን የሚቀመጥ ሌላ ፕለጊን ነው። በ1.9 የተሠራ ፕሮጀክት አሁንም የሚፈልገው 1.9ን ነው፤ «አዲሱ አለኝ» ብላችሁ አሮጌውን ብታጠፉ ፕሮጀክቱ ድምፁን ያጣል። ድምፁን ወደ ኤክስቲ ለማዛወር በ1.9 ውስጥ ፓቹን (የድምፁን ሙሉ ቅንብር) አስቀምጡ፤ ከዚያ የተፈጠረውን የኤፍኤክስፒ ፋይል ይዛችሁ ኤክስቲ መስኮት ላይ ጣሉት። በተቃራኒው አይሠራም፤ በኤክስቲ የተቀመጠን ፓች 1.9 እንዲከፍተው አትጠብቁ።

ባዶ ፓችና ሦስቱ ኦሲሌተሮች

ከፓች ማሰሻው «ቴምፕሌትስ» ከሚለው ክፍል «ኢኒት ሶው»ን ክፈቱ። የምትሰሙት አንድ ጥርሳማ ሞገድ (ሶው) ብቻ ነው። ቁጥሮችን በማውዝ ከመፈለግ ይልቅ ስላይደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ መጻፍ ይቀላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እንዲያ እንዲገቡ ታስበው የተጻፉ ናቸው።

ኦሲሌተር ማለት ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል ነው። ኦሲሌተር 1ን «ክላሲክ» እንደሆነ ተዉት፣ ሼፑም 0 በመቶ ይሁን። ክላሲክ ውስጥ ሼፕ ከ-100 ወደ 100 ይሄዳል፦ ግራ ጫፉ ፐልስ፣ መሀሉ ሶው፣ ቀኝ ጫፉ ድርብ ሶው ነው። ኦሲሌተር 2ንም ክላሲክ አድርጉና ሼፑን -100፣ ዊድዝ 1ን 40 በመቶ፣ ፒቹን 0.05 አድርጉ። ፒች የሚለካው በሴሚቶን (በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ስለሆነ 0.05 ማለት 5 ሴንት (የሴሚቶን መቶኛ) ነው። ኦሲሌተር 3 ሳይን ይሁን፣ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ወርዶ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኦሲሌተር ምንም ያህል ቢነካካ ድምፁ አይለወጥም። ምክንያቱ በኢኒት ፓቹ ሚክሰር ላይ ኦሲሌተር 2 እና 3 ድምፃቸው የተዘጋ መሆኑ ነው። ሚክሰሩ ላይ «ኤም» የሚለውን ፊደል ተጫኑና ክፈቷቸው። ከዚያ ኦሲሌተር 1ን -6፣ 2ን -8፣ 3ን -12 ዴሲቤል አድርጉ። ሦስቱንም 0 ላይ ትታችሁ ብትቀጥሉ ፊልተሩ ገና ከመነሻው ይታፈናል፤ ቀጥሎ እንደምታዩት ደግሞ ፊልተሩ ምን ያህል እንደሚታፈን እኛ መምረጥ ነው የምንፈልገው።

በኦሲሌተሩ ላይ «ሪትሪገር» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ። ሲበራ ሞገዱ በእያንዳንዱ ኖታ ከአንድ ቦታ ይነሳል፤ ሲጠፋ በዘፈቀደ ይነሳል። ለቤዝ አብሩት፣ አለበለዚያ አንዱ ኖታ ጠንክሮ ሌላው ለስልሶ ይወጣና ከኪክ ድራሙ ጋር አንዴ ይደጋገፋል አንዴ ይጠፋፋል። ለፓድ አጥፉት።

ፊልተሩ፦ ሥራው ሁሉ ያለበት

ፊልተር 1ን «ሎውፓስ ቪንቴጅ ላደር» አድርጉ። ከስሙ ጎን ንዑስ ዓይነት መምረጫ አለ፦ ዓይነት 1 እና ዓይነት 2፣ ሁለቱም ደግሞ «ኮምፐንሴትድ» የሚባል ወንድም አላቸው። ልዩነቱ ይህ ነው። በእውነተኛው የላደር ሰርኪት ሬዞናንስ ማለት የውጤቱ ድምፅ ተገልብጦ ወደ መግቢያው መመለሱ ነው፤ የተገለበጠው ከገባው ላይ ስለሚቀነስ ሬዞናንስ በጨመራችሁ ቁጥር የታችኛው ድምፅ ይሳሳል። ለሊድ ይህ መሳሳት ውበት ነው፤ ከቤዝ ጊታርና ከኪኩ በላይ ለራሱ ቦታ ያገኛል። ለቤዝ ግን ሆድ የሌለው ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ለቤዝ ኮምፐንሴትዱን፣ ለሊድ ተራውን ምረጡ። «ሰርጅ ቤዙ ቀጭን ነው» የሚለው ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ይህችን መምረጫ ካለማየት ነው።

ቁጥሮቹ፦ ከትኦፍ (ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበት ቦታ) 350 ኸርዝ፣ ሬዞናንስ 25 በመቶ፣ ኪትራክ (ከትኦፉ የተመታውን ቁልፍ የሚከተልበት መጠን) 50 በመቶ፣ ኢንቬሎፕ ሞድ (ኢንቬሎፑ ከትኦፉን የሚገፋበት መጠን) 30 ሴሚቶን። ኢንቬሎፕ ማለት ከኖታው መነሻ እስከ መጨረሻው ቅንብሩ የሚነሳበትና የሚወርድበት መንገድ ነው። 30 ሴሚቶን ሁለት ተኩል ኦክታቭ ስለሆነ ፊልተሩ በኖታው መነሻ እስከ 1980 ኸርዝ ገደማ ይከፈትና ይመለሳል። የፊልተር ኢንቬሎፑን አታክ 0፣ ዲኬይ 400 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴን 30 በመቶ፣ ሪሊዝ 200 ሚሊሰከንድ አድርጉ። የአምፕ ኢንቬሎፑን አታክ 4 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴን 80 በመቶ፣ ሪሊዝ 150 ሚሊሰከንድ። ለምን 4? ዝቅተኛ ኖታ ከ0 ሲነሳ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያመጣል፤ 3 ወይም 4 ሚሊሰከንድ ያጠፋዋል፣ ጣት ግን አይሰማውም። ሁለቱንም ኢንቬሎፖች ከ«ዲጂታል» ወደ «አናሎግ» ቀይሩ፤ ከርቫቸው የኮንደንሰርን መሙላትና መፍሰስ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ላደር ፊልተር ጠባዩ የሚወጣው ድምፅ በኃይል ሲገባበት ነው። ከሚክሰሩ ስር «ፕሪ ፊልተር ጌይን» አለ። እሱን ወደ +6 ዴሲቤል ከፍ አድርጉና በአምፕ ክፍሉ ያለውን ጌይን በዚያው መጠን፣ በ6፣ ቀንሱት። አጠቃላይ ድምፁ ስላልጨመረ የምትሰሙት እውነተኛውን ለውጥ ብቻ ነው፦ የሬዞናንሱ ሹል ጫፍ ይደነዝዛል፣ መሀሉ ይወፍራል። +12 ሞክሩ፣ አምፑን በ12 ቀንሱ። የቱ እንደሚሻል የምትወስኑት እንዲህ ካመጣጠናችሁ በኋላ ብቻ ነው፤ ሳይመጣጠን ከሆነ ጆሮ ሁልጊዜ የጮኸውን ይመርጣል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ሚክስ የተበላሸው በዚህ ነው።

ተጨማሪ ሻካራነት ከፈለጋችሁ በሁለቱ ፊልተሮች መካከል ዌቭሼፐር (የሞገዱን ቅርጽ የሚያጣምም ክፍል) አለ። በኤክስቲ የዓይነቶቹ ዝርዝር በጣም ረዝሟል፤ ከለስላሳዎቹ አንዱን መርጣችሁ ድራይቩን ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ስጡ። ፊልተር 2ን ቢያንስ ለጊዜው ዝጉት። የፊልተር አደራደሩ «ሲሪያል 1» ላይ እስካለ ድረስ የፊድባክ (የወጣውን ድምፅ ወደ መግቢያው የሚመልሰው) ስላይደር አይሠራም፤ ከተበላሸ አትቁጠሩት። ፊድባክ ከፈለጋችሁ ወደ «ሲሪያል 2» ቀይሩ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ግን የጆሮ ማዳመጫችሁን ድምፅ ቀንሱ። የማስተር ቮልዩሙ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ድምፁ ከ0 ዴሲቤል እንዳያልፍ የሚያግድ ሃርድ ክሊፕ ታገኛላችሁ፤ በፊድባክ ስትጫወቱ አብሩት።

ትንሽ አለመረጋጋት

የድሮ አናሎግ ኪቦርድ ሁለት ዓይነት ስህተት አለው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይምታታሉ። አንደኛው ሙቀት የሚያመጣው የፒች መንሳፈፍ ነው፤ ኖታው እንደተያዘ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ የድምፅ ካርድ መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ አንዱ ካርድ ፊልተሩ ትንሽ ይከፈታል፣ ሌላው ፐልሱ ትንሽ ይጠባል፣ ኖታው ከጀመረ በኋላ ግን አይለወጥም።

የመጀመሪያውን የሚሰጣችሁ «ኦሲሌተር ድሪፍት» የሚባለው ስላይደር ነው። 15 በመቶ ለቤዝ፣ እስከ 30 በመቶ ለፓድ ይበቃል። ሁለተኛውን የሚሰጣችሁ «ራንደም» የሚባለው የሞጁሌሽን ምንጭ ሲሆን መጎተቱ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦

1. ከታች ካለው የሞጁሌሽን ረድፍ ላይ ራንደምን ፈልጉ። ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ባይፖላር መሆኑን አረጋግጡ፤ ዩኒፖላር ከሆነ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይገፋል።
2. ይዛችሁት ፊልተር 1 ከትኦፍ ላይ ጣሉት። ጥልቀቱን 1.5 ሴሚቶን አድርጉ።
3. ደግማችሁ ይዛችሁ በኦሲሌተር 2 ዊድዝ 1 ላይ፣ 4 በመቶ።
4. በኦሲሌተር 2 ፒች ላይ፣ 0.03 ሴሚቶን። ከ0.05 አታሳልፉ፤ በሞኖ መስመር ላይ ከዚያ በላይ «አናሎግ» ሳይሆን «ያልተቃኘ» ነው የሚባለው።

ያገናኛችሁት ሁሉ የሞጁሌሽን ዝርዝር መስኮት ውስጥ ይታያል። አንዱን ሳታጠፉ ለጊዜው ዝም ማሰኘትም ይቻላል፤ የትኛው ግንኙነት ድምፁን እንደሚያበላሽ ለማወቅ አንድ በአንድ ዝም እያሰኛችሁ አዳምጡ። ስትሳሳቱ ደግሞ ወደኋላ መመለሻው ቀስት አለ።

መንሸራተትና ቫይብራቶ

የፕሌይ ሞዱን ከፖሊ ወደ «ሞኖ ኤስቲ ኤፍፒ» ቀይሩ። ኤስቲ ማለት አንዱን ቁልፍ ሳትለቁ ሌላውን ስትይዙ ኢንቬሎፑ እንደ አዲስ አይነሳም ማለት ነው፤ ኤፍፒ ደግሞ መንሸራተቱ የሚመጣው ኖታዎቹ ሲያያዙ ብቻ ነው ማለት ነው። ለአገራችን ዜማ ይህ ጥምረት በጣም ይስማማል፦ ለቀቅ አድርጋችሁ የመታችሁት ኖታ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ያያዛችሁት እንደ ማሲንቆ ጣት ይንሸራተታል። ፖርታሜንቶውን (የመንሸራተቱን ጊዜ) 70 ሚሊሰከንድ አድርጉ። በስላይደሩ ቀኝ ክሊክ ውስጥ «ኮንስታንት ሬት» አለ፤ ከበራ ሩቅ ዝላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ከጠፋ ቅርቡም ሩቁም እኩል ጊዜ ይፈጃል። ለማሲንቆ ዓይነት መስመር ማብራቱ ይሻላል።

ለቫይብራቶ ኤልኤፍኦ 1ን (ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ የሞጁሌሽን ምንጭ ነው) ሳይን፣ 5.5 ኸርዝ አድርጉና ጎትታችሁ የሲኑ ፒች ላይ ጣሉት፣ ጥልቀት 0.3 ሴሚቶን። ሲን የሚባለው በአንድ ፓች ውስጥ ካሉት ሁለት ሙሉ ድምፆች (ኤ እና ቢ) አንዱ ነው። ከዚያ የራሱን የኤልኤፍኦውን አምፕሊቲዩድ 0 አድርጉ፣ ሞድ ዊልን ደግሞ ጎትታችሁ በዚያው አምፕሊቲዩድ ላይ ጣሉት፣ ጥልቀት 100 በመቶ። ዊሉን ሳትነኩ ድምፁ ቀጥ ያለ ነው፤ ስትገፉት ይርገበገባል። አምፕሊቲዩዱን 0 ማድረግ የረሳ ሰው ዊሉ «አይሠራም» ይላል፣ ቫይብራቶው ግን ከመጀመሪያውም ሙሉ ነበር።

ስለ ኢፌክት አጭር ቃል። 16ቱ ቦታዎች በአራት ሰንሰለት ተከፍለዋል፦ ለሲን ኤ አራት፣ ለሲን ቢ አራት፣ አራት ሴንድ፣ አራት የጋራ። «ኢንሳምብል» የሚባለው የድሮ የኮረስ ቺፖችን ጠባይ የያዘ ነው፣ ፓድ ላይ ድንቅ ነው፤ ቤዝ ላይ አታድርጉት። ግራና ቀኝ የተለያየ ቤዝ በአንድ ስፒከር ሲሰማ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ አብዛኛው አድማጫችሁ ደግሞ በስልክ ወይም በአንድ ስፒከር ነው የሚሰማችሁ።

ቅኝቱ

ክራር የሚቃኝ ሰው በጆሮው ነው የሚቃኘው፤ ኪቦርድ ግን ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ፣ እያንዳንዱን 100 ሴንት አድርጎ ከፍሎታል። ከሲ በሚነሳ ሜጀር ትዝታ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ኪቦርዱ ኢን 400 ሴንት ላይ ያስቀምጠዋል። ከሲ ጋር ሳይርገበገብ የሚገጥመው ንጹሕ ኢ ግን 5/4 ነው፣ 386.3 ሴንት። ኤም እንዲሁ 900 ሳይሆን 5/3፣ ማለት 884.4 ነው። 14 ሴንት በወረቀት ትንሽ ነው፤ ረጅም ኖታ ላይ ግን ዜማው «ፈረንጅኛ» የሚመስለው በዚህች ነው። ኤክስቲ የስካላ ፋይሎችን (የቅኝት ቁጥሮች የሚጻፉባቸውን የጽሑፍ ፋይሎች) ስለሚያነብ ይህን መለወጥ ይቻላል።

መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፦ ትዝታ አምስት ድምፅ ስላለው አምስት መስመር ያለው ፋይል መጻፍ። ያንን ስታስገቡ አምስቱ ድምፆች በተከታታይ ቁልፎች ላይ፣ ነጭም ጥቁርም ሳይለይ፣ ይደረደራሉ፤ ከሲ አምስት ቁልፍ ላይ ያለው ኤፍ የላይኛው ሲ ይሆናል። ጣታችሁ የለመደው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ 12 መስመር ጻፉና ሁሉም ቁልፍ በቦታው ይቆይ።

በተራ የጽሑፍ ማስተካከያ (ኖትፓድ ይበቃል) ይህን ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር የቅኝቱ መጠሪያ ነው፤ ለጥንቃቄ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፦

የቅኝቱ ስም
12
16/15
9/8
6/5
5/4
4/3
600.0
3/2
8/5
5/3
9/5
15/8
2/1

ፋይሉን በኤስሲኤል ቅጥያ አስቀምጡ። ኖትፓድ በራሱ ቲኤክስቲ የሚል ቅጥያ እንዳይጨምርበት ተጠንቀቁ። መነሻው ድምፅ አይጻፍም፤ የመጨረሻው መስመር ኦክታቩ ነው። በሴንት የሚጻፍ ቁጥር የግድ ነጥብ ይኑረው። 600.0 ማለት 600 ሴንት ነው፤ 600 ብቻ ብትሉ ግን ስካላ የሚያነበው «የመነሻው 600 እጥፍ» ብሎ ነው፣ ያ ቁልፍም ከጆሮ በላይ ይበርራል።

ይህ አንድ ፋይል ከሲ ለሚነሱ ብዙ ቅኝቶች ይሆናል፦ ሜጀር ትዝታ፣ ማይነር ትዝታ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት)፣ አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት)፣ ሜጀር ባቲ (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ)፣ ማይነር ባቲ (ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት)። አንቺ ሆዬን (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ግን በንጹሕ ክፍልፋይ ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ ጣዕሙ ያለው በዚያ ጠባብ የኤፍና የጂ ፍላት መጠጋጋት ስለሆነ ከመሣሪያ ለክታችሁ ብታስገቡት ነው የሚያምረው። 600.0 ቦታ የያዘው ለዚህ ነው።

መለካቱ ቀላል ነው። የስልክ ቱነር ክሩ ከ12ቱ እኩል ድምፆች በስንት ሴንት እንደሚርቅ ያሳያል። መነሻው ሲ +5፣ ኢው -12 ካሳየ፣ የኢ መስመር 400 ሲቀነስ 12 ሲቀነስ 5፣ ማለት 383.0 ነው። የመነሻውን ልዩነት መቀነስ የሚረሳ ሰው ቅኝቱ በሙሉ ጎን ለጎን ይጣመምበታል።

አንድ ወጥመድ ንጹሑ ትዝታ ራሱ ውስጥ አለ። ዲ 9/8፣ ኤ 5/3 ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው 680.4 ሴንት ነው፤ ንጹሑ አምስተኛ ደግሞ 702 ነው። በነጠላ ዜማ ማንም አያስተውለውም። ዲና ኤን አንድ ላይ በፓድ ስትይዙ ግን ክፉኛ ይርገበገባል። አጃቢያችሁ ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ከሆነ 9ኛውን ድምፅ ከ5/3 ወደ 27/16 ቀይሩት፤ ከዲ ጋር ይታረቃል፣ ከሲ ጋር ያለው ልስላሴ ይቀንሳል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ፋይሉን ለማስገባት ከሜኑ «ቱኒንግ»፣ ከዚያ «ሎድ ኤስሲኤል» ምረጡ፣ ወይም ፋይሉን ይዛችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉት። የቅኝት መስኮቱ ሲከፈት 12ቱን ድምፆች በክብ ታያላችሁ፤ እዚያው ላይ እያንዳንዱን በማውዝ መግፋትና እያዳመጡ ማስተካከል ይቻላል፣ ለአንቺ ሆዬ የሚሻለው መንገድም ይኸው ነው።

ዘፋኙ ከኤፍ ቢነሳስ? ክፍልፋዮቹ በሙሉ የሚቆጠሩት ከመነሻው ስለሆነ መነሻውን ማዛወር አለባችሁ። ለዚህ የኬቢኤም ፋይል (ቅኝቱን ከኪቦርዱ ቁልፎች ጋር የሚያገናኝ የጽሑፍ ፋይል) ያስፈልጋል። መስመሮቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

12
0
127
65
65
349.228
12

ከዚህ በታች ከ0 እስከ 11 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መስመር ጻፉ። አራተኛው መስመር ቅኝቱ የሚነሳበት የሚዲ ቁልፍ ነው (65 ኤፍ ነው፣ መሀለኛው ሲ 60)፤ አምስተኛውና ስድስተኛው የትኛው ቁልፍ በስንት ኸርዝ እንደሚጸና ይናገራሉ። በየቦታው የሚታየው ምሳሌ እዚህ ላይ 69 እና 440.0 ያደርጋል። እንዲያ ካደረጋችሁ ኤ 440 ላይ ይጸናል፣ ኤ ደግሞ የኤፍ 5/4 ስለሆነ ኤፍ 352 ኸርዝ ይሆናል፤ የቤዝ ጊታሩ ኤፍ ከዚያ በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። መነሻውን ራሱን ስታጸኑት ግን መነሻ ከመነሻ ይገጥማል። ለዲ 62 እና 293.665፣ ለኢ 64 እና 329.628፣ ለጂ 67 እና 391.995 ተጠቀሙ።

ማስቀመጥና የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፓቹን ስታስቀምጡ በመስኮቱ ላይ ቅኝቱንም አብሮ የማስቀመጥ ምርጫ አለ። ካልመረጣችሁት ፓቹን ሌላ ፕሮጀክት ላይ ስትከፍቱ በ12ቱ እኩል ድምፅ ይመጣል። የያዛችሁት ፕሮጀክት ግን የራሱን ቅኝት ያስታውሳል።

ድምፁ ቀርቀር ካለ ዩኒሰኑን (በአንድ ኦሲሌተር የሚደራረቡትን ሞገዶች) ቁጠሩ፦ ሦስት ኦሲሌተር፣ እያንዳንዱ 7 ዩኒሰን፣ 8 ኖታ ሲያዝ 168 ሞገድ ነው። ዩኒሰኑን ወደ 3 አውርዱ፣ ወይም ስትቀዱ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያዘጋጀውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 128፣ ስትሚክሱ 512 አድርጉ። በ48 ኪሎኸርዝ 256 ባፈር 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ለመጫወትም ይመቻል።

ፖሊ ላይ ረጅም ሪሊዝ ያለው ፓድ ኖታ እየቆረጠ ከጣለ የፖሊፎኒ ገደቡን ከፍ አድርጉ፤ እየሞተ ያለው ኖታም ቦታ ይይዛል።

ሊዱ በትዝታ ተቃኝቶ ቤዙ ወይም ፓዱ ሲርገበገብ ካገኛችሁት ምክንያቱ ቅኝት የሚጫነው ለእያንዳንዱ የተከፈተ ፕለጊን ለብቻው መሆኑ ነው። አንዱ ኤክስቲ መሀለኛውን ኢ 327.03፣ ሌላው 329.63 ኸርዝ ላይ ይዞ በሰከንድ 2.6 ጊዜ ይጋጫሉ። ፋይሎቹን በየፕለጊኑ አስገቡ፤ ብዙ ከሆኑ ኤምቲኤስ ኢኤስፒን (ቅኝትን ከአንድ ቦታ ለብዙ ፕለጊኖች የሚያስተላልፍ ሥርዓት) የሚደግፉ መሣሪያዎችን ሁሉ ከአንድ ቦታ መቃኘት ይቻላል። ድምፃዊው ላይ ፒች ማረሚያ ከጫናችሁ ደግሞ እሱ የሚጎትተው ወደ 12ቱ እኩል ድምፆች ነው፤ ወይ ፍጥነቱን አለዝቡት፣ ወይ ኢና ኤን ከሚያርማቸው ኖታዎች ዝርዝር ውስጥ አውጧቸው።